ለጡረታ ዘመናችን የቱን እናስቀድም?

በአሜሪካ የምትኖሩ ባልና ሚስት ከሆናችሁ የሚከተለው ነገር በቤታችሁ ሳይደርስ አልቀረም። ከሁለት አንዳችሁ በሥራ ቦታ ቅጽ ተሰጥቷችሁ፣ «ከደመወዝህ ስንት ከመቶ ለጡረታ ይቆረጥ?» ተብላችሁ ትጠየቃላችሁ። ሌላችሁ ደግሞ ከሥራ ባልደረባ፣ «የለም፣ በራስ ስም የሚከፈተው የቁጠባ ሒሳብ ይሻላል፤ ኋላ ግብር የለበትም» የሚል ምክር ሰምታችሁ ትመጣላችሁ። ከዚያም ቅጹ ጠረጴዛ ላይ ይሰነብታል። የቤት ኪራዩ፣ የልጆቹ ወጪ፣ አገር ቤት የሚላከው ገንዘብ ይቀድማል። በመጨረሻም የቱ እንደሚሻል ስላልተወሰነ ብቻ፣ አንዱም ሳይሆን ዓመቱ ያልቃል።

በዚህ ጽሑፍ ልንላችሁ የምንፈልገው አንድ ነገር ነው። ለአብዛኞቹ ቤተሰቦች ጥያቄው «ከሁለቱ የትኛው?» የሚል አይደለም። ጥያቄው «የትኛው ይቅደም?» የሚል ነው። ቅደም ተከተሉ ከታወቀ ውሳኔው ቀላል ይሆናል። ቅደም ተከተሉን ደግሞ ባል ለብቻው ወይም ሚስት ለብቻዋ ሳይሆን ሁለታችሁ በአንድ ልብ ልትወስኑት ይገባል። (በጽሑፉ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ለእርጅና መቆጠብ እምነት ማጣት ነውን?

«ነገ የጌታ ነው፤ እርሱ ያውቃል» የሚሉ ወገኖች አሉ። እውነት ነው፣ ነገ የጌታ ነው። ነገር ግን ነገን በእጁ የያዘው ጌታ ራሱ በዮሴፍ በኩል በግብፅ ምድር፣ በሰባቱ የጥጋብ ዓመታት ከምርቱ አምስተኛው እጅ እንዲከማች አድርጓል (ዘፍ. 41፥34-36)። የምሳሌ መጽሐፍም ሰነፉን ሰው በበጋ የምታከማቸውን ገብረ ጉንዳን እንዲያይ ይልከዋል (ምሳ. 6፥6-8)። በሉቃስ 12 ላይ የተነገረው ባለጠጋ የተወቀሰው ጎተራ ስለ ሠራ ሳይሆን ለራሱ ብቻ አከማችቶ በእግዚአብሔር ዘንድ ባለጠጋ ስላልሆነ ነው። እንግዲህ ቁጠባና ስስት አንድ አይደሉም። አሥራቱን የሚያወጣ፣ ለችግረኛ የሚዘረጋ እጅ ያለው ቤተሰብ ለእርጅናው ቢቆጥብ መልካም መጋቢነት ነው።

ሌላው ከአገራችን ይዘነው የመጣነው አስተሳሰብ «ልጅ ጡረታ ነው» የሚለው ነው። እኛም ወር በገባ ቁጥር ለእናት ለአባታችን እንልካለን። ይህ መልካም ነው፤ የታዘዝነውም ነው (ማር. 7፥10-13)። ይሁን እንጂ እዚህ ያደጉት ልጆቻችን የትምህርት ዕዳ፣ የቤት ክፍያና የራሳቸው ትዳር ይጠብቃቸዋል። ሐዋርያው ጳውሎስ ስለ አገልግሎቱ ሲጽፍ እንደ ምሳሌ ያነሳው ሐሳብ፣ ለልጆች ማከማቸት የሚገባቸው ወላጆች መሆናቸውን ነው (2 ቆሮ. 12፥14)። ለእርጅናችን መቆጠብ ለልጆቻችን ከምናወርሳቸው ስጦታዎች አንዱ ነው፤ ሸክማችንን ከጫንቃቸው ያነሳላቸዋልና።

መሠረቱ ሶሻል ሴኩሪቲ ነው

ስለ ተጨማሪ ቁጠባ ከመነጋገራችን በፊት ያለውን መሠረት ማወቅ ያስፈልጋል። ተቀጣሪ ከሆናችሁ ከደመወዛችሁ 6.2 ከመቶ ለሶሻል ሴኩሪቲ ይቆረጣል፤ አሠሪውም ያንኑ ያህል ይጨምራል። ጡረታውን ለማግኘት 40 ነጥብ ማሟላት ይጠይቃል፤ በዓመት ከ4 በላይ ስለማይገኝ ቢያንስ 10 ዓመት መሥራት ማለት ነው። በ1960ና ከዚያ በኋላ ለተወለደ ሰው ሙሉው ጡረታ የሚከፈለው በ67 ዓመቱ ነው። በ62 ዓመቱ ቢጀምር 30 ከመቶ ይቀነስበታል፤ እስከ 70 ቢታገሥ ደግሞ 24 ከመቶ ይጨመርለታል።

ለእኛ ለስደተኞች አንድ ነገር ልብ ልንል ይገባል። ጡረታው የሚሰላው ከፍተኛ ገቢ በተገኘባቸው 35 ዓመታት ላይ ነው። በ40 ዓመቱ አሜሪካ ገብቶ እስከ 67 የሠራ ሰው ያለው 27 ዓመት ብቻ ነው። የቀሩት 8 ዓመታት እንደ ዜሮ ይቆጠሩና አማካዩን ዝቅ ያደርጉታል። ከዚህም ሌላ የሶሻል ሴኩሪቲ ባለአደራዎች በ2025 ባወጡት ዘገባ፣ የጡረታው ተጠባባቂ ገንዘብ ሕጉ ካልተሻሻለ በ2033 እንደሚያልቅና ከዚያ በኋላ የሚሰበሰበው ግብር የጡረታውን 77 ከመቶ ብቻ እንደሚሸፍን ገልጸዋል። ይህ «ጡረታ የለም» ማለት አይደለም። ነገር ግን በዚያ ብቻ መደገፍ እንደማይበቃ ያሳያል።

ሁለቱ መንገዶች

የመጀመሪያው በአሠሪ በኩል የሚደረገው ቁጠባ ነው። በኩባንያዎች ዘንድ 401ኬ ይባላል፤ ለትርፍ ባልተቋቋሙ ሆስፒታሎችና ትምህርት ቤቶች ደግሞ ብዙውን ጊዜ 403ቢ ይባላል። ገንዘቡ ደመወዝ እጃችሁ ሳይገባ ይቆረጣል። በተለመደው ዓይነት ዛሬ የገቢ ግብር አይከፈልበትም፤ ስታወጡት ግን ይከፈልበታል። በ2026 አንድ ሠራተኛ እስከ 24,500 ዶላር ማዋጣት ይችላል፤ ዕድሜው 50 የሞላ ሰው 8,000 ዶላር መጨመር ይፈቀድለታል።

ሁለተኛው በራሳችሁ ስም የምትከፍቱት አይ አር ኤ የሚባለው ሒሳብ ነው። ከዚህ ውስጥ ብዙዎች የሚያነሱት ሮት አይ አር ኤ የተሰኘውን ነው። ወደዚህ የሚገባው ግብሩ የተከፈለበት ገንዘብ ነው። ዕድሜያችሁ 59 ዓመት ተኩል ሆኖ ሒሳቡ አምስት ዓመት ከሞላው፣ ያስገባችሁትም ያፈራውም ያለ ግብር ይወጣል። የ2026 ጣሪያ ለአንድ ሰው 7,500 ዶላር ሲሆን 50 ዓመት ለሞላው 1,100 ይጨመርበታል። በአንድነት ታክስ የሚያሠሩ ባልና ሚስት ገቢያቸው ከ242,000 ዶላር እስካልበለጠ ድረስ ሙሉውን ማስገባት ይችላሉ።

ቅደም ተከተሉ

አንደኛ፣ አሠሪው የሚጨምረውን ሙሉ በሙሉ ውሰዱ። ብዙ አሠሪዎች ሠራተኛው ሲያዋጣ የራሳቸውን ድርሻ ያክላሉ፤ «ማች» የሚባለው ይህ ነው። ለምሳሌ ደመወዛችሁ 50,000 ዶላር ቢሆንና እናንተ 6 ከመቶ ስታዋጡ አሠሪው 3 ከመቶ የሚጨምር ቢሆን፣ 3,000 ዶላር ስታስገቡ 1,500 ዶላር ይታከልላችኋል። አለማዋጣት ማለት ከደመወዛችሁ የዚህን ያህሉን ትቶ መሄድ ነው። ሮት አይ አር ኤ የቱንም ያህል መልካም ቢሆን ይህን አይሰጥም። ስለዚህ የመጀመሪያው ዶላር ወደዚህ ይሂድ። የአሠሪው ድርሻ ሙሉ በሙሉ የእናንተ የሚሆነው ስንት ዓመት ስትሠሩ እንደሆነም ጠይቁ።

ሁለተኛ፣ የክሬዲት ካርድ ዕዳ ካለባችሁ እርሱን ክፈሉ። 20 ከመቶና ከዚያ በላይ ወለድ የሚበላ ዕዳ ተሸክሞ ተጨማሪ ቁጠባ ውስጥ መግባት በቀዳዳ እንስራ ውኃ እንደ መቅዳት ነው። ለድንገተኛ ችግር የሚሆን ጥቂት ገንዘብም በባንክ አስቀምጡ።

ሦስተኛ፣ ከዚህ የተረፈውን ወደ ሮት አይ አር ኤ አስገቡ። ለብዙዎቹ ቤተሰቦቻችን ይህ የሚስማማበት ሁለት ምክንያት አለ። የመጀመሪያው ግብሩ ነው፤ እርሱን ወረድ ብለን እናየዋለን። ሁለተኛው ፍርሃታችን ነው። «ገንዘቡ ከታሰረ፣ አገር ቤት እናቴ ብትታመም፣ ሐዘን ቢደርስብን ምን እሆናለሁ?» የሚል ሥጋት ብዙዎችን ከቁጠባ አስቀርቷል። ከ401ኬ ከ59 ዓመት ተኩል በፊት ለሚወጣ ገንዘብ በአብዛኛው ግብሩና 10 ከመቶ ቅጣት ይከፈላል። ከሮት አይ አር ኤ ግን ያፈራውን ሳትነኩ ራሳችሁ ያስገባችሁትን ያህል በማንኛውም ጊዜ ያለ ግብርና ያለ ቅጣት ማውጣት ይቻላል። ይህ በትንሽ በትልቁ እንድትነኩት የተሰጠ ፈቃድ አይደለም። ነገር ግን በሩ ጨርሶ እንዳልተቆለፈ ማወቅ ለመጀመር ያደፋፍራል።

አራተኛ፣ የሁለታችሁም አይ አር ኤ ከሞላና አሁንም አቅም ካላችሁ ወደ 401ኬ ተመልሳችሁ መዋጮውን ከፍ አድርጉ። ደመወዝ በተጨመረ ቁጥር አንድ ከመቶ መጨመር ሳይከብድ ያሳድገዋል።

ግብሩን ዛሬ ወይስ ኋላ?

የምርጫው ቁም ነገር ይህ ነው። ዛሬ የምትከፍሉት ግብር ዝቅተኛ ከሆነ ዛሬ ከፍሎ መገላገል ይሻላል፤ ዛሬ ከፍተኛ ከሆነ ለጡረታ ጊዜ ማቆየት ይሻላል።

በምሳሌ እንየው። በዓመት በድምሩ 70,000 ዶላር የሚያገኙ ባልና ሚስት በ2026 ከዚህ ላይ 32,200 ዶላር ግብር የማይከፈልበት ተብሎ ይቀነስላቸዋል። በቀረው 37,800 ላይ የመጨረሻዋ ዶላራቸው የምትከፍለው 12 ከመቶ ነው። 3,000 ዶላር በተለመደው 401ኬ ቢያስገቡ ዛሬ የሚተርፋቸው ግብር 360 ዶላር ነው። ይህን ጥቅም ትተው በሮት ቢቆጥቡ፣ ለሃያ ዓመታት የሚያፈራው ሁሉ ከግብር ነጻ ይሆንላቸዋል። በአንጻሩ ሁለቱም ከፍተኛ ደመወዝተኛ ሆነው ግብር የሚከፈልበት ገቢያቸው ከ100,800 ዶላር ካለፈ 22 ከመቶ ውስጥ ይገባሉ፤ ለእነርሱ የተለመደው 401ኬ ዛሬ የሚሰጠው እፎይታ ከበድ ያለ ነው።

ብዙዎች የማያውቁት ሌላም ነገር አለ። ገቢያቸው መካከለኛና ዝቅተኛ ለሆነ ቤተሰቦች መንግሥት ለጡረታ ስለ ቆጠቡ ብቻ ከግብራቸው የሚቀንስላቸው ገንዘብ አለ። በ2026 በአንድነት ለሚያሳውቁ ባልና ሚስት ጣሪያው 80,500 ዶላር ነው። ከላይ በምሳሌ ያነሳናቸው ባልና ሚስት እያንዳንዳቸው 2,000 ዶላር ቢቆጥቡ፣ የሚከፈል ግብር እስካለባቸው ድረስ እስከ 400 ዶላር ሊቀነስላቸው ይችላል። ከ2027 ጀምሮ ይህ በሌላ መልክ እንደሚተካ ሕጉ ስለሚናገር፣ ታክስ ስታሠሩ ሠሪውን በግልጽ ጠይቁ።

በማን ስም ነው?

እዚህ ላይ ቆም ብላችሁ እንድታስቡ እንለምናችኋለን። በብዙ ቤት ጡረታው የሚጠራቀመው በአንደኛው ስም ብቻ ነው። ብዙውን ጊዜ ሚስት ልጆች እያሳደገች ለዓመታት ቤት ስትውል፣ በስሟ ሶሻል ሴኩሪቲም ሌላ ቁጠባም አይኖርም። ሕጉ ግን ለዚህ መንገድ አለው። በአንድነት ታክስ የሚያሠሩ ከሆነ፣ ደመወዝ የሌላት ሚስት (ወይም የሌለው ባል) በሌላው ገቢ የራሷን አይ አር ኤ ከፍታ እስከ ጣሪያው ማስገባት ትችላለች። በሶሻል ሴኩሪቲም ቢሆን ለትዳር ጓደኛ እስከ ሠራተኛው ሙሉ ጡረታ ግማሽ ድረስ ሊከፈል ይችላል። ሁለቱ አንድ ሥጋ ናቸው ብለን እናምናለን፤ የባንክ ወረቀቱም ይህን ይመስክር።

የወራሽ ቅጹንም አውጥታችሁ ተመልከቱ። በኩባንያ 401ኬ በአብዛኛው ሕጉ ወራሹን የትዳር ጓደኛ ያደርጋል፤ ሌላ ሰው ለመጻፍ የትዳር ጓደኛው የጽሑፍ ፈቃድ ያስፈልጋል። በአይ አር ኤ ግን በብዙ ቦታ ገንዘቡ የሚሰጠው በቅጹ ላይ ስሙ ለተጻፈው ሰው ነው። ከጋብቻ በፊት ወንድሙን ወራሽ አድርጎ የሞላ ሰው ቅጹን ሳይቀይር ቢሞት፣ ኑዛዜው ሌላ ቢልም ቅጹ ይቀድማል። ይህን ለማስተካከል ጥቂት ደቂቃ ይበቃል። ያልተስተካከለ ግን መበለቲቱን ባዶ እጇን ሊያስቀር፣ ቤተሰብንም ሊያፋጅ ይችላል።

የግል ሥራ ላላችሁና ለአገልጋዮቻችን

ታክሲ የምትነዱ፣ ሱቅ ወይም ምግብ ቤት ያላችሁ ወገኖች፣ የአሠሪውንም የሠራተኛውንም ድርሻ የምትከፍሉት ራሳችሁ ናችሁ፤ ከሜዲኬር ጋር 15.3 ከመቶ ይሆናል። ከበድ ስለሚል ገቢን አሳንሶ ማሳወቅ ፈተና ሆኖ ይመጣል። ይህ በመጀመሪያ በጌታ ፊት እውነት አይደለም። ከዚያም ሌላ፣ ያልተነገረ ገቢ ለጡረታ አይቆጠርም፤ ዛሬ የተደበቀው በ67 ዓመት ከቼኩ ላይ ጎድሎ ይገኛል። ለእናንተም ሮት አይ አር ኤ ክፍት ነው፤ ገቢያችሁ ሲያድግ ደግሞ ለግል ሠራተኞች የተዘጋጀውን ሴፕ አይ አር ኤ ጠይቁ።

መጋቢዎች በሶሻል ሴኩሪቲ ረገድ እንደ ግል ሠራተኛ ስለሚቆጠሩ ያንኑ 15.3 ከመቶ ይከፍላሉ። ቅጽ 4361 ሞልተው ከዚህ ለመውጣት የሚያስችል ሕግ አለ። ነገር ግን ቅጹ የተሰጠው የመንግሥትን መድን መቀበልን በእምነትና በኅሊና ለሚቃወም አገልጋይ እንጂ ገንዘብ ለማትረፍ አይደለም። አንዴ ከጸደቀም መመለሻ የለውም። «ወጪ ይቀንስልሃል» በሚል ምክር ብቻ የፈረመ አገልጋይ በእርጅናው ጡረታም ሜዲኬርም ሊያጣ ይችላል። ሽማግሌዎች ሆይ፣ መጋቢያችሁ ሲያረጅ ከምን ይኖራል ብላችሁ ጠይቃችሁ ታውቃላችሁን? ቤተ ክርስቲያን 403ቢ ልትከፍትለትና የአቅሟን ልታዋጣለት ትችላለች። ከዚህ ዓይነቱ የቤተ ክርስቲያን ሒሳብ ጡረታ ሲወጣ ለመኖሪያ ቤት የሚያውለው ክፍል በሕጉ ወሰን ከገቢ ግብር ነጻ ሊሆንለት ይችላል። የሚያበራየውን በሬ አፉን እንዳናስር ተነግሮናል (1 ጢሞ. 5፥18)።

ጥንቃቄ የሚያሻቸው

ዕቁብ መልካም ነው፤ ለመኪና፣ ለቤት ቅድሚያ ክፍያ ይረዳል። ነገር ግን ያዋጣችሁትን ያህል ብቻ ስለሚመልስ ለሃያ ዓመት ቁጠባ አይሆንም። በወር 200 ዶላር ለ25 ዓመት ብታስቀምጡ 60,000 ዶላር ይሆናል። ያው ገንዘብ በአማካይ በዓመት 6 ከመቶ ቢያፈራ 138,000 ያህል ይደርሳል። እርግጥ ገበያ ይወጣል ይወርዳል፤ ዋስትና የለውም። ስለዚህ በአንድ ኩባንያ ላይ ከመጣል ይልቅ የብዙ ኩባንያዎችን አክሲዮን በአንድነት የያዘና ክፍያው ዝቅተኛ የሆነ ፈንድ ምረጡ። ጡረታ የምትወጡበትን ዓመት ተከትሎ ራሱን እያስተካከለ የሚሄድ ፈንድም አለ።

ሥራ ስትቀይሩ 401ኬውን አውጥታችሁ አትብሉት፤ ወደ አዲሱ አሠሪ ወይም ወደ አይ አር ኤ አዛውሩት።

በኅብረታችን መካከል የሕይወት ኢንሹራንስን እንደ ጡረታ ቁጠባ ይዘው የሚመጡ አሉ። ትንንሽ ልጆች ላሉት ቤተሰብ የሕይወት መድን አስፈላጊ ነው። ነገር ግን የአሠሪው ማች ሳይወሰድ፣ አይ አር ኤም ሳይከፈት ወደ ውድ ውል አትግቡ። የሚሸጥላችሁ ሰው የጸሎት ወንድማችሁ ቢሆንም፣ ኮሚሽኑ ስንት እንደሆነና በሦስተኛው ዓመት ብታቋርጡ ስንት እንደሚመለስላችሁ ጠይቁ። መጠየቅ አለመተማመን አይደለም።

ወደ አገር ቤት ገብተን እንጦራለን የምትሉም ሜዲኬር በአጠቃላይ ከአሜሪካ ውጭ የሕክምና ወጪ እንደማይከፍል እወቁ። የአሜሪካ ዜጋ ሶሻል ሴኩሪቲውን ኢትዮጵያ ሆኖ ሊቀበል ይችላል፤ በግሪን ካርድ ያላችሁ ግን ከመሄዳችሁ በፊት መሥሪያ ቤቱን ጠይቁ።

«እኛስ ዘገየን» የምትሉ

ሃምሳን አልፋችሁ ገና ያልጀመራችሁ አትቁረጡ። ተመሳሳዩ 200 ዶላር ለ15 ዓመት ብቻ ቢጠራቀም በ6 ከመቶ ስሌት 58,000 ያህል ይሆናል። ሕጉም ለእናንተ ጣሪያውን ከፍ ያደረገው ስለዚህ ነው። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።

ለባልና ሚስት መወያያ

በዚህ ሳምንት አንድ ምሽት ልጆቹ ከተኙ በኋላ አብራችሁ ጸልዩና እነዚህን ተወያዩባቸው።

1. አሠሪዎቻችን ማች ይሰጣሉን? ሙሉውን እየወሰድን ነውን?
2. በሁለታችንም ስም ቁጠባ አለን? ከሌለ መቼ እንከፍታለን?
3. የወራሽ ቅጾቻችን ላይ የማን ስም ነው ያለው?
4. ለአሥራት፣ ለወላጆቻችንና ለነገ የምንመድበው በግልጽ ተጽፏልን? ወይስ አንዳችን ከሌላችን ደብቀን እንልካለን?

ግንብ ሊሠራ የሚወድ ሰው አስቀድሞ ተቀምጦ ወጪውን እንዲቈጥር ጌታችን አስተምሮናል (ሉቃ. 14፥28)። ተቀምጦ መቁጠሩ የእናንተ ድርሻ ነው፤ ዘመናችሁን ግን የሚይዘው እርሱ ነው። እስከ ሽምግልናችሁ ድረስ የሚሸከማችሁ አምላክ ትዳራችሁን ይባርክ።